መንገዱን ማን ሠራው?

ስለ ዘርማት መንደር የተራራ የእግር መንገዶች ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር



«በእግር መሄድማ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ ስለ እርሱ ደግሞ ንግግር ማድረግ ምን ይባላል?» የሚሉ ጓደኞች መኖራቸውን ሰምተናል። አባባሉ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ከመካከላችን ብዙዎቹ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሄዱት ወንዝ ተሻግረው፣ አቀበት ወጥተው፣ ጫማ ያላቸውም ጫማቸውን ከጭቃ ለማዳን በእጃቸው ይዘው ነው። እንዲህ ላለ ሰው፣ የደላው አውሮፓዊ ገንዘብ ከፍሎና ስንቅ አዝሎ ተራራ ለተራራ ሲዞር መዋሉ የጥጋብ ሥራ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

እኛም ዛሬ የቆምነው የደላቸውን ሰዎች ለማወደስ አይደለም። ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የእግር መንገድ እንደ ሣር በራሱ የሚበቅል ነገር አለመሆኑን ነው። መንገድ እንደ ድልድይና እንደ ትምህርት ቤት ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። ሠሪ አለው፤ ጠባቂ አለው፤ የሚሄድበትም ሰው ሁሉ ለሠሪውና ለጠባቂው ባለዕዳ ነው። ይህን በግልጥ ለማሳየት መንገዶቿን በሚገባ ቆጥራና ምልክት አድርጋ የያዘች አንዲት መንደር መርጠናል። እርስዋም በስዊስ አገር፣ ቫሌ በሚባለው ካንቶን፣ ከጣልያን ወሰን አጠገብ የምትገኘው ዘርማት ናት። ንግግሩን ያዘጋጀነው ካርታ ዘርግተንና መጻሕፍት አገላብጠን ስለ ሆነ፣ አድማጮቻችን ከእኛ ጋራ በሐሳብ እንዲጓዙ እንለምናለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. መንደሪቱና ተራራዋ

ዘርማት በአንድ ረጅምና ጠባብ ሸለቆ ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ከአዲስ አበባ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን የአንድን አገር ጠባይ አይገልጥም። በእኛ አገር ከ3000 ሜትር በላይ ገብስ ይዘራል፤ ሰውም ጎጆ ሠርቶ ይኖራል። ዘርማት ግን ከምድር ወገብ የራቀች በመሆኗ 3000 ሜትር ላይ የሚገኘው ቋጥኝና የበረዶ ግግር ነው። ከመንደሪቱ በላይ ማተርሆርን የተባለው ሾጣጣ ተራራ 4478 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ የሞንቴ ሮዛ ተራሮች አሉ፤ ከእነርሱም ከፍተኛው ዱፉርሽፒትሰ 4634 ሜትር ሲሆን በስዊስ አገር የሚበልጠው የለም። እንግዲህ እነዚህ ተራሮች የራስ ዳሸንን ቁመት የሚያህሉ ናቸው ማለት ነው።

የመንደሪቱ ነዋሪዎች ቁጥር 6000 አይሞላም። በቤንዚን የሚሄድ መኪና እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ እንግዳው መኪናውን ከታች ቴሽ በምትባለው መንደር ትቶ በባቡር ይመጣል። በመንደሪቱ ውስጥ የሚሄዱት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ መኪናዎችና የፈረስ ጋሪዎች ናቸው። ዙሪያዋን ግን ምልክት የተደረገላቸው የእግር መንገዶች ርዝመታቸው ቢደመር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለ6000 ሰው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ! ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን በሐሳብ እንሂድበት።

2. ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ወደ ፊንደልን የሚወስደው ነው። ከመንደሪቱ ተነሥቶ በጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የጫካው ዛፍ ላርች ይባላል፤ ጥድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በመጸው ቅጠሉ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ከ2000 ሜትር በላይ ሲደረስ ፊንደልን የተባሉት ጥቂት የእንጨት ቤቶች ይገኛሉ። ግድግዳቸው ከብዙ ዘመን ፀሐይ የተነሣ ጠቁሮአል። አባቶቻቸው በዚህ ተዳፋት ላይ እርከን ሠርተው፣ ራይ የሚባለውን የስንዴ ዘመድ ይዘሩ ነበር። በአውሮፓ እህል ከተዘራባቸው እጅግ ከፍተኛ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። እርከኖቹ ዛሬም ሣር ለብሰው ይታያሉ።

ከዚያ በላይ አምስት ሐይቆችን የሚያገናኝ መንገድ አለ። ሽቴሊዜ፣ ግሪንጂዜ፣ ግሩንዜ፣ ሞስጂዜ እና ላይዜ ይባላሉ። የሁለት ሰዓት ተኩል ወይም የሦስት ሰዓት ጉዞ ነው። አምስቱ ሐይቆች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሽቴሊዜ ነፋስ በሌለበት ጧት ማተርሆርንን እንደ መስተዋት ያሳያል። ሞስጂዜ ውሃው እንደ ወተት የደፈረሰ ነው፤ የበረዶው ግግር ድንጋዩን ፈጭቶ እንደ ዱቄት ስለሚያወርደው ነው። ላይዜ ደግሞ በበጋ ሕፃናት የሚዋኙበት ነው። ተማሪ የሆነ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን መንገድ ቢሄድ፣ በክፍል ውስጥ በብዙ ሳምንት የሚማረውን የመሬት ጠባይ በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛው መንገድ በስተ ምዕራብ ወደ ጽሙት ይወስዳል። ጽሙት የጥንት ገበሬዎች መንደር ናት። በዚያ ያሉት የእህል ጎተራዎች ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨት እግሮች ላይ ቆመዋል፤ በእግሩና በጎተራው መካከል ክብ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቶአል። ድንጋዩ የገባው አይጥ ተንጠላጥላ እህሉን እንዳትበላ ነው። የእኛ ባላገር ይህን ቢያይ ሳይተረጐምለት ወዲያው ይገባዋል። በዚሁ በተራራው በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ሰው «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ወደ ሆነው ወደ ሽቫርትስዜ ይደርሳል፤ ከፍታው 2583 ሜትር ነው፤ በዳርቻውም አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። ከዚያ በላይ መንገዱ እየጠበበና እየከበደ፣ አንዳንድ ስፍራም በብረት ደረጃና በገመድ እየታገዘ፣ 3260 ሜትር ላይ ወደ ተሠራው ወደ ሆርንሊ ማረፊያ ቤት ያደርሳል። የእግረኛ መንገድ የሚያበቃው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የወጣ ገደል ሥራ ነው።

ሦስተኛው «የአውሮፓ መንገድ» የሚባለው ሲሆን፣ ከግሬኸን መንደር ተነሥቶ በሸለቆው ምሥራቃዊ ጎን ከፍ ብሎ እስከ ዘርማት ይመጣል። በ1997 ተከፈተ። በሁለት ቀን የሚሄዱበት ነው። ስለዚህ መንገድ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ተራራው ከሁሉ ይልቅ የሚታገለው ይህን መንገድ ነውና።

3. ሠሪዎቹ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንግባ። እነዚህን መንገዶች ማን ሠራቸው?

ከሁሉ አስቀድሞ ከብት ነጂዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ከዘርማት በላይ ወደ ጣልያን የሚያሻግረው የቴዎዱል መተላለፊያ ወደ 3300 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በዚያ የሮማውያን ዘመን ገንዘብ ተገኝቶአል። በ1980ዎቹም ዓመታት በረዶው እየቀለጠ ሲሄድ ከ1600 ገደማ ጀምሮ ተቀብሮ የኖረ የአንድ መንገደኛ አጥንት ከሰይፉና ከሽጉጡ ጋራ ወጣ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ መንገዱን በእግራቸው ካቀኑት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

ቀጥሎ የመንደሩ ማኅበር አለ። በዘርማት ከጥንት ጀምሮ የነባር ቤተ ሰቦች ማኅበር ነበር፤ አሁንም አለ። እኛ «ርስተኞች» ብንላቸው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። የግጦሹ መሬትና ጫካው የጋራቸው ነበር። ስለዚህም መንገድ ማቅናት፣ ናዳ ያፈረሰውን መጠገን፣ የውሃ ቦይ መጥረግ በየቤቱ የሚደርስ የጋራ ሥራ ነበር። ይህን ደቦ ወይም ወንፈል እንደሚለው የእኛ ገበሬ አድርገን ብናስበው ነገሩ ይገለጥልናል። ማኅበሩ በዚሁ በጋራ ጉልበት አንድ ትልቅ ሆቴል ሠርቶ በ1879 ከፈተ፤ ሆቴሉ ዘርማተርሆፍ ይባላል፤ እስከ ዛሬም የማኅበሩ ንብረት ነው።

ነገር ግን የማኅበሩን ሌላ ገጽ ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛን የጐደለው ይሆናል። አሌክሳንደር ዛይለር የተባለ የዚያው የቫሌ ሰው በ1850ዎቹ ዓመታት ወደ ዘርማት መጥቶ ሞንቴ ሮዛ የተባለውን ሆቴል አቋቋመ፤ እንግዶችንም ከሩቅ አመጣ። ሆኖም የማኅበሩ አባል ልሁን ባለ ጊዜ ነባሮቹ እምቢ አሉት። ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጅቶ መብቱን ያገኘው በ1889 ነው። እንግዲህ የጋራ ንብረትን በሚገባ የሚጠብቅ ሕዝብ በሩን በመጤ ላይ መዝጋትም እንደሚያውቅ ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ መንገድ መሪዎቹ ናቸው። ጁላይ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ማተርሆርን ጫፍ ላይ ወጡ። በመጻሕፍት ስሙ ጎልቶ የሚገኘው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ነው። ነገር ግን ከሰባቱ ሦስቱ መንገድ መሪዎች ነበሩ፤ እነርሱም የሻሞኒው ሚሼል ክሮና የዘርማት ሰዎች የነበሩት ሁለቱ ጴጥሮስ ታውግቫልደር፣ አባትና ልጅ ናቸው። ሲወርዱ አንደኛው እንግዳ አዳለጠው፤ አራት ሰዎችም በአንድ ላይ ተጎትተው ወደቁ። ከአባት ታውግቫልደር ጋራ የሚያያይዛቸው ገመድ ስለ ተበጠሰ ዊምፐርና ሁለቱ ታውግቫልደሮች ተረፉ። ገመዱ ከነበሩት ገመዶች ሁሉ ደካማው ነበር። አባትየው «ገመዱን ቆርጦታል» ተብሎ ታማ። ምርመራው በደለኛ አይደለም ቢልም፣ ሐሜቱ ግን እንደ ጥላ ተከተለው። የተበጠሰው ገመድ ዛሬ በዘርማት ቤተ መዘክር ውስጥ ይታያል። ከዚህ የምንረዳው የሚመራውና የሚሸከመው ባላገር ሲሳካ ስሙ ወደ ኋላ፣ ሲበላሽ ስሙ ወደ ፊት እንደሚመጣ ነው። ይህ ደግሞ በስዊስ አገር ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም።

በመጨረሻም ባቡሩ መጣ። ከሸለቆው በታች ከፊስፕ እስከ ዘርማት ያለው ሐዲድ በ1891 ተፈጸመ። በ1898 ደግሞ በጥርስ ሐዲድ እየተያዘ በኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ጎርነርግራት የሚወጣው ባቡር ተከፈተ፤ የላይኛው ጣቢያ 3089 ሜትር ላይ ነው። ድንጋዩን የፈለጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከጣልያን የመጡ ነበሩ። ዛሬም የሆቴሎቹን አልጋ የሚያነጥፉትና ምግቡን የሚያበስሉት ብዙዎቹ ከፖርቱጋልና ከሌሎች አገሮች የመጡ ናቸው። የቤት ኪራይ እጅግ የተወደደ ስለ ሆነ ብዙ ሠራተኛ ከታች ካሉት መንደሮች በየጧቱ በባቡር ይመጣል። የመንደሪቱን ውበት የሚያገለግለው ሰው በመንደሪቱ ውስጥ ለማደር አቅም ሲያጣ ማየት ከዚህ ታሪክ የማያስደስተን ክፍል ነው።

ባቡሩ ግን ሁሉን ስፍራ አልወሰደም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሐዲዱን እስከ ማተርሆርን ጫፍ ለማድረስ ታቅዶ ነበር። የስዊስ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ተቃወመ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችም ፊርማቸውን ሰጡ። ሐዲዱ ሳይሠራ ቀረ። ስለዚህ ያ ጫፍ እስከ ዛሬ የሚደረስበት በእግርና በእጅ ብቻ ነው።

4. ቢጫው ሰሌዳ

የመንገድ ሥራ ግማሹ ድንጋይ መፈንቀል ነው፤ ግማሹ ለመንገደኛው እውነቱን መንገር ነው። በዚህ በሁለተኛው ነገር ስዊሶች የሚደነቅ ሥራ ሠርተዋል።

በ1930ዎቹ መኪና እየበዛ እግረኛውን ከአውራ ጎዳና ባስወጣው ጊዜ፣ ዮሐን ያኮብ ኤስ የተባለ አንድ የትምህርት ቤት መምህር «እግረኛውም የራሱ መንገድ፣ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ያስፈልገዋል» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ከሥራ ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ በ1934 የአገሪቱን የእግር መንገዶች ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡን ያመነጨው ሚኒስትር ወይም ጄኔራል አይደለም፤ መምህር ነው። ይህን የምንለው በፊት ረድፍ የተቀመጡትን መምህራኖቻችንን ለማሞገስ ብቻ እንዳይመስልባችሁ፤ እውነት ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ በስዊስ አገር ምልክት የተደረገለት የእግር መንገድ 65 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሦስት ደረጃ ይከፈላል። ቢጫ ምልክት ያለው ማንም ጤነኛ ሰው የሚሄድበት ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባበት የተራራ መንገድ ሲሆን፣ እግሩ የማይንሸራተት፣ ከፍታ የማያዞረው፣ ጥሩ ጫማም ያለው ሰው ይሂድበት ማለት ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ የሆነው ደግሞ በበረዶና በገደል ላይ የሚያልፍ ነው፤ ዕውቀትና መሣሪያ የሌለው አይሞክረው ማለት ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ የተቀባች የመዳፍ ስፋት ያላት ቀለም አንድን ሰው ከሞት ታድናለች።

ሰሌዳው ርቀቱን የሚናገረው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በሰዓት ነው። ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። የእኛንም ባላገር «እዚያ ስፍራ ምን ያህል ይርቃል?» ብንለው «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይለናል። ልዩነቱ የእኛ ባላገር እኛን ለማበረታታት ሲል «እዚሁ ነው» ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬደን መሆኑ ነው። የስዊሶቹ ሰሌዳ ግን በስሌት የተሠራ ነው፤ ደልዳላ በሆነ መሬት ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ታስቦ፣ አቀበትና ቁልቁለት ተጨምሮ፣ ዕረፍት ሳይቈጠር የሚወጣ ነው። መንገደኛው ሰሌዳውን የጻፈውን ሰው አያውቀውም፤ ያም መንገደኛውን አያውቀውም። ሆኖም መሸት ሲል በጉም ውስጥ የቆመው መንገደኛ «አንድ ሰዓት ከሩብ» የሚለውን አንብቦ አምኖ ይሄዳል። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የቆመ እንዲህ ያለ መተማመን የሥልጣኔ ትልቁ ምልክት ይመስለናል።

ነገሩ በበጎ ፈቃድ ብቻ አልተተወም። በ1979 ስለ እግር መንገዶች አንድ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ድምፅ ከሰጡት ከአራት ሦስት እጅ የሚበልጡት ደገፉት። ዝርዝሩ ሕግ በ1985 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ካንቶኖች መንገዶቹን በካርታ መመዝገብና መጠበቅ አለባቸው፤ በግንባታ ምክንያት አንድ የተመዘገበ መንገድ ቢጠፋ በምትኩ ሌላ እንዲበጅ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥት ስለ ዙፋንና ስለ ምክር ቤት ብቻ የሚናገር ለሚመስለው ተማሪ ይህ ነገር ሊያስደንቀው ይገባል። አንድ ሕዝብ ተሰብስቦ «እግረኛ የሚሄድበት አያጣ» ብሎ በትልቁ ሕጉ ውስጥ ጻፈ።

5. ተራራው ሲንቀሳቀስ

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው «ታዲያ ሥራው አልቆአል፤ የቀረው መሄድ ብቻ ነው» ይል ይሆናል። የተራራ መንገድ ግን አያልቅም። አሁን ወደ «የአውሮፓ መንገድ» እንመለስ።

ይህ መንገድ ከሚያልፍባቸው ስፍራዎች አንዱ ከራንዳ መንደር በላይ ያለው ተራራ ነው። በ1991 በሚያዝያና በግንቦት ወራት፣ ከራንዳ አጠገብ 30 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል አለት ከተራራው ተገንጥሎ ወረደ። የባቡሩን ሐዲድና የመኪናውን መንገድ ቀበረ፤ ወንዙንም ገድቦ ውሃው ወደ መንደሩ እንዲገባ አደረገ። ሰው አልሞተም። ከስድስት ዓመት በኋላ የአውሮፓ መንገድ ተከፈተ፤ ነገር ግን ናዳው እየደጋገመ ይቈርጠው ጀመር። በ2010 አንድ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት፤ ብዙም ሳይቈይ ከላይ የወረደ ድንጋይ ጎዳውና ተዘጋ። በ2017 ከበፊቱ ዝቅ ባለ ስፍራ ሌላ ድልድይ ተዘረጋ፤ ቻርልስ ኩኦነን ይባላል። ርዝመቱ 494 ሜትር ሲሆን የመሄጃው ስፋት 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ ትከሻቸውን አዘንብለው ነው የሚተላለፉት። ከዚህ ቀደም በሸለቆው ተዘዋውሮ በብዙ ሰዓት የሚታለፈውን ገደል አሁን በአሥር ደቂቃ ገደማ ያልፉታል።

ድካሙ ወደ ፊት የሚቀንስ አይመስልም። በከፍተኛው ተራራ ውስጥ በአለቱ ስንጥቆች መካከል የገባው በረዶ ለብዙ ሺህ ዓመት አለቱን እንደ ሲሚንቶ ይዞት ኖሮአል። የምድር አየር በሞቀ ቍጥር ይህ በረዶ ይቀልጣል፤ አለቱም ይለቃል። በ2003 እጅግ ሞቃት በሆነው በጋ ከማተርሆርን ሆርንሊ ጠርዝ ላይ ድንጋይ ተንዶ ወጪዎቹን በሄሊኮፕተር ማውረድ አስፈልጎ ነበር። ከዘርማት በላይ ያለው የጎርነር የበረዶ ግግርም ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። በዚያው በቫሌ ካንቶን ደግሞ ሜይ 28 ቀን 2025 የቢርች የበረዶ ግግር ከአለት ጋራ ተንዶ የብላተንን መንደር ከሞላ ጐደል ቀበረው። ሦስት መቶ ያህሉ ነዋሪዎች ጠባቂዎቹ የተራራውን እንቅስቃሴ ሲለኩ ሰንብተው ከቀናት በፊት ስላስወጧቸው ተረፉ፤ አንድ ሰው ግን ሞተ። እንግዲህ በተራራ አገር ሰውን የሚያድነው ጀግንነት ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ሳይሰለቹ መለካትና መመዝገብ፣ «ውጡ» ሲባልም መውጣት ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ሠራተኞች ዶማና የቀለም ቆርቆሮ ይዘው ይወጣሉ። ናዳ የወሰደውን ደረጃ ይተካሉ፤ የጠፋውን ቀለም ይቀባሉ፤ አስጊ የሆነውንም መንገድ ይዘጋሉ። ወጪው ከመንደሩ ገንዘብና እንግዳ ለየሌሊቱ ከሚከፍለው ቀረጥ ይሸፈናል። «የአምስቱ ሐይቆች መንገድ» ብለን የጠራነው ነገር እንግዲህ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የቀረ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ እንደ ገና የሚሠራ ነው።

6. ለእኛ የሚተርፈው

አሁን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እንስጥ። በእግር መሄድን እናውቃለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሄድንበትን መንገድ ማን እንደ ጠረገው ጠይቀን እናውቃለን ወይ? ወንዙን የተሻገርንበትን ግንድ ማን ጋደመው? በክረምት ጭቃው እንዳይውጠን ድንጋዩን በተርታ ማን ደረደረው? እነዚያ ሰዎች በየመንደራችን አሉ። እኛም በመንገዳቸው ተሻግረን እዚህ ደረስን። የተማረ ሰው የእግር መንገድን የድህነት ምልክት ብቻ አድርጎ ከናቀ፣ የሚንቀው መንገዱን ሳይሆን መንገዱን የሠሩለትን ነው።

ከስዊሶች ጋራ በተራራ ምክንያት የሚያገናኘን አንድ እውነተኛ ነገርም አለ። በአልፕስ ተራሮች የሚኖረው ቀንዳሙ የዱር ፍየል የዋልያችን የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ እንስሳ በ19ኛው መቶ ዓመት ታድኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በጣልያን በኩል በግራን ፓራዲዞ ከተረፉት መንጋዎች ዘር ተወስዶ ከ1911 ጀምሮ ወደ ስዊስ ተራሮች ተመለሰ። ዛሬ የዘርማት መንገደኛ ማለዳ ከተነሣ ሊያየው ይችላል። ስለ ዋልያ በሰሜን ተራሮች ቈይተው ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ የዙሪኩ ብሩኖ ኒፈርጌልት ነበሩ፤ ስለ ሰሜን አፈርና አየር የደከሙት ሃንስ ሁርኒም የበርን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ጋራ ተቈጥሮ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጥቶአል። የሰሜንን ጠርዝ ያጠኑት እነዚያ ሰዎች የሄዱት በስዊስ ሰሌዳ አይደለም፤ የሰሜን ገበሬና የበቅሎ ነጂ ባቀናው መንገድ ነው። የዚያን ሰው ስም የጻፈ መጽሐፍ እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ የእግር ጉዞ ባደረገ ቍጥር የጉዞው ማስታወሻ ርቀትንና ከፍታን ብቻ ሳይሆን መንገዱን የሚጠብቁትንም ሰዎች ይመዝግብ፤ ፈቃዳቸው ከሆነም በስማቸው ይጥራቸው። ሁለተኛ፣ መሪና ጫኝ ለሆነው ባላገር የሚገባውን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል የማኅበሩ ደንብ ይሁን። ሦስተኛ፣ የጂዎግራፊና የምህንድስና ተማሪዎች አንድ የእግር መንገድ መርጠው የት እንደሚታጠብ፣ የት እንደሚንሸራተት፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይለኩ፤ ውጤቱንም በዚህ ጋዜጣ ያውጡ። ለዚህ ሥራ ገመድ መለኪያ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ካለ ይበቃል።

ዘርማትን መርጠን የተናገርነው መንገዶቻችን ሁሉ የእርስዋን እንዲመስሉ ብለን አይደለም። የዘርማት ሰዎች እርከናቸውን ትተው ሆቴል ይዘዋል፤ ያ ምርጫ ትርፉም ጉዳቱም የእነርሱ ነው። እኛ ከእነርሱ የምንወስደው አንዱን ብቻ ነው፤ መንገድ የጋራ ሥራ መሆኑን፣ የሚጠብቁት ሲያጣም ተራራው መልሶ እንደሚወስደው ማወቅ።

ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ሁሉ አሁኑኑ እንዲያቀርብ በትሕትና እንጠይቃለን።